አጭሯን መኪና የመረጥኩ ቀን

ሰቆጣ ውስጥ ተጎታች የምትጎትት አሮጌ ፒክአፕ ሊገዛ ያሰበ ሰው ሁሉ እኔ ጋ ይመጣል። «አባተ፣ ባለ አንድ ጋቢናዋ ትሻላለች ወይስ ባለ ሁለቷ?» ይለኛል። የሚመጣው እኔ ስለ መኪና አዋቂ ሆኜ አይደለም። የደረሰብኝን ስለሰማ ነው። የደረሰብኝን ግን ፊት ለፊት አይጠይቀኝም፤ የአገሬ ሰው ጨዋ ነው፣ ዙሪያውን ይዞራል። እኔ ደግሞ ከሰው ጋር መዞር ሰልችቶኛል። አንዴ ልጻፈውና የፈለገ ያንብበው።

መጻፍ የተማርኩት ጢሜ ሽበት ካወጣ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት አውራ ጣቴን ቀለም እየነከርኩ ነበር የምፈርመው። ምን ላይ እንደፈረምኩ የሚነግረኝም ያው ያስፈረመኝ ሰውዬ ነበር። በዚህ ምክንያት ከአንዴም ሁለቴ ተበልቻለሁ። የጎልማሶች ትምህርት ሲከፈት አላፈርኩም፤ የልጄ እኩያ ከሆነ አስተማሪ ፊት ተቀምጬ ሀ ሁ አልኩ። ፊደል ዓይን ይከፍታል ይላሉ፤ እውነት ነው። እኔን ግን ዓይኔን ሲከፍት ጆሮዬን ደፈነው። ማንበብ ከቻልኩ ወዲህ ሰው ሲመክረኝ ሊያታልለኝ የመጣ ይመስለኝ ጀመር። ነጋዴ ከሆነማ አለቀ።

አንድ የማውቀው ነገር ነበር፣ እሱም በሬ ነው። በእኛ ቀበሌ በሬ የሚገዛ ሰው እኔን ሳይዝ ገበያ አይወጣም። ጥርሱን አያለሁ፣ ሻኛውን እጨብጣለሁ፣ ኮቴውን አነሳለሁ። ከዚያ በኋላ ነው ዋናው ነገር። በሬ ሳይጠመድ አይገዛም። ሻጩ ያውቀዋል፣ ገዢውም ያውቀዋል። ቀንበር ይጫንበትና ዳገት ያለበት መሬት ላይ ይነዳል። ዳገት ላይ ከተኛ ለሻጩ ይመለሳል፤ ሽቅብ ከጎተተ ይገዛል። በዚህ መንገድ መርጬ ያሳፈረኝ በሬ አልነበረም። ይህን አስታውሱልኝ፣ ጥፋቱ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ወፍጮው የጥሩወርቅ ሐሳብ ነው፤ የሚስቴ። ዕድሜዋን ሙሉ እህል በጀርባዋ አዝላ ወፍጮ ቤት ስትመላለስ የኖረች ሴት ናት። ጎህ ሲቀድ ወጥታ፣ ወረፋ ጠብቃ፣ ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ዱቄት መስላ ትመለሳለች። አንድ ቀን ጆንያውን ከጀርባዋ አውርዳ መሬት ላይ ዘፍ አለችና፣

«ሴቱ ሁሉ ወደ ወፍጮ ከሚሄድ ወፍጮው ለምን ወደ ሴቱ አይሄድም?» አለችኝ።

«እግር ታወጪለታለሽ?»

«ጎማ አወጣለታለሁ።»

ቀልድ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ፍየሎቿን ማርባት ጀመረች። አንዷን ስትሸጥ ሁለት ታስቀራለች። ዓመታት ፈጀባት። በመጨረሻ አንድ የናፍጣ ወፍጮ ገዛን። ብየዳ ቤት ወስደን፣ ከሞተ መኪና የወጣ ዘንግና ሁለት ጎማ አስገጥመን ተጎታች አሠራነው። ሐሳቡ በገበያ ቀን ጽጽቃ፣ በሌላው ቀን ጋዝጊብላ እያዞሩ ሕዝቡ ባለበት መፍጨት ነው። የቀረን የሚጎትት መኪና ብቻ ነበር። እሱን ደግሞ እኔ በሬዎቼን ሸጬ ልገዛ ቃል ገባሁ።

ሐጂ ሰይድ ሰቆጣ ውስጥ ጨርቅና ጨው የሚነግዱ ሽማግሌ ናቸው። ግቢያቸው ውስጥ ሁለት ነጭ ፒክአፖች ነበሯቸው። ሁለቱም የአንድ ፋብሪካ፣ ሁለቱም ያረጁ፣ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። አንዷ ረጅም ናት፤ ሁለት ጋቢና አላት፣ ከበድ ትላለች፣ የሚገፋት የኋላ ጎማዋ ብቻ ነው፣ ሞተሯም ልከኛ ነው። ሁለተኛዋ አጭር ናት፤ አንድ ጋቢና፣ ሞተሯ ትልቅ፣ አራቱም ጎማዋ የሚጎትት።

«ለምን ሥራ ፈለግሃት?» አሉኝ ሐጂ።

«ወፍጮ ልትጎትት።»

«እንግዲያስ ረጅሟን ውሰድ።»

«አጭሯ ምን ሆነች?»

«ምንም አልሆነችም። ጉልበቷ የጉድ ነው። ግን ቀላል ናት፣ ኋላዋ ባዶ ነው። ረጅሟ ትከብዳለች፣ ፍሬኗም ያዝ ያደርጋል። ደሞ እመቤት ጥሩወርቅ እንደ ሰው ተደላድላ ትቀመጥባታለች።»

ይህን ያህል ግልጽ አድርገው ነው የነገሩኝ። እኔ ምን አልኩ በልቤ? ነጋዴ በቀኝ ከጠቆመህ ጥሩው ዕቃ በግራ ነው አልኩ። አጭሯን ለራሳቸው ሊያስቀሩ ነው፣ ያቺን አዝጋሚ ሊያሸክሙኝ ነው አልኩ።

«ሐጂ፣ እኔ በሬ ሳልጠምድ አልገዛም፤ መኪናም ያው ነው» አልኳቸው።

ሽማግሌው ጢማቸውን ይዘው ሳቁ። «ጥመዳቸዋ! ቀንበር ግን የለኝም።»

ቤታችን ከከተማው ጫፍ፣ ዳገቱ አናት ላይ ነው። ብየዳ ቤቱ ከታች። ስለዚህ ወፍጮዋን ከታች ወደ ቤት የምታወጣዋ መኪና ትመረጥ ተባለ። የሚነዳው ፀጋ ነው፤ የእህቴ ልጅ፣ የጭነት መኪና ሲነዳ የኖረ ጎረምሳ። ወሬ ሲሰማ ሰዉ ወጣ። የሠርግ ያህል ተሰበሰበ።

መጀመሪያ ረጅሟ ተጠመደች። ቀስ ብላ፣ እያጓራች፣ ጥቁር ጭስ እየተፋች ግማሽ ድረስ ወጣች። አንዴ ቆመች። ፀጋ ማርሽ ቀንሶ እንደገና ሲያስነሳት ትንሽ ወደ ኋላ አለች። እኔ ሌላ አልጠበቅኩም። «በቃ! ፍታት! ይቺ ዳገት ላይ የምትተኛ ናት!» አልኩ። ጎማው ስር ድንጋይ አስደግፈን ፈታናት።

ከዚያ አጭሯን አመጣን። የቀረው ግማሽ የባሰ ቀጥ ያለ ነው። ምን ልበላችሁ፣ ወፍጮዋን ከነብረቷ ይዛ አንዴም ሳትቆም ላጥ አለች። ሰዉ በፉጨት አበደ። አንዱ ከኋላ፣ «ይቺማ መኪና አይደለችም፣ የአበርገሌ ፍየል ናት!» ብሎ ጮኸ። እኔም ከኋላዋ እየሮጥኩ ስስቅ ነበር። እንደዚያ ቀን የሳቅኩበትን ቀን አላስታውስም።

ጥሩወርቅ አናቱ ላይ፣ በራችን ፊት ቆማለች። አላጨበጨበችም።

«እንዴት አየሻት?» አልኳት።

«ስትወጣ አየኋት። አሁን ወፍጮዋን እንደያዘች ትውረድና እንያት።»

«ምን አልሽ?»

«ጽጽቃ እኮ ቁልቁል ነው፣ የአስቴር አባት። ከዚህ እስከዚያ ድረስ መውረድ ነው። ስትወርድስ?»

ሰዉ እየሰማ ነው። እኔ ደግሞ በሬ መራጩ አባተ ነኝ። «መውረድማ ድንጋይም ይወርዳል!» አልኩ። ሰዉ አውካካ።

እሷ አልሳቀችም። በኽምጣኛ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «ድንጋይ ሲወርድ ምን እንደሚያደርግ አይተናል» አለችኝ። ስትቆጣ ወደ እናቷ ቋንቋ ነው የምትመለሰው።

እኔ ግን በአማርኛ፣ ሁሉም እንዲሰማ አድርጌ መለስኩላት። «አንቺ ወፍጮሽን ጠብቂ፤ መኪናውን ለእኔ ተይው።»

«እሺ» አለች። ነጠላዋን አስተካክላ ገባች።

አንባቢዬ፣ በሬ ቁልቁል ሲወርድ ማንም አይፈትነውም። ለምን ይፈትነዋል? ማረሻ በሬን ከኋላው አይገፋውም። በሬ ቢቆም ማረሻውም ይቆማል። ጎማ ያለው ነገር ግን በሬ ሲቆም አይቆምም። ዕድሜዬን ሙሉ የተማመንኩበት ጥበብ ግማሹን ብቻ ነው የሚያየው፤ ለበሬ ግማሹ በቂ ነበር። ይህን ያልተማረች ሚስቴ ቆማ ስታየው ገባት። እህል ተሸክሞ ቁልቁል የወረደ ሰው ሸክም እንዴት እንደሚገፋ ጉልበቱ ያውቀዋል። እኔ ሸክም ተሸክሜ አላውቅም። የእኔን ሸክም አህያ ወይም ጥሩወርቅ ነበሩ የሚሸከሙት።

በሬዎቼን ሸጬ አጭሯን ገዛሁ፤ በገበያው ቀን ጠዋት ወደ ጽጽቃ ተነሳን። ጥሩወርቅ አዲስ ቀሚስ ለብሳለች። አጭሯ መኪና አንድ ጋቢና ስለሆነች ሦስታችን ተጣበቅን፤ ፀጋ መሪው ላይ፣ እኔ መሃል ማርሹን በጉልበቴ አቅፌ፣ እሷ በሩ ጋ። ከኋላ ወፍጮዋ ሸራ ለብሳ ትከተላለች። የመጀመሪያው መንገድ ደህና ነበር። ሜዳውንም፣ ትንንሹን ዳገትም አጭሯ እንደ ምንም አለፈችው።

«ሐጂ ያቺን አንካሳ ሊያሸክሙኝ ነበር እኮ!» አልኩ።

ፀጋ፣ «አጎቴ፣ የሐጂን ስም አታንሳ፤ ዛሬ ገበያ ቀን ነው፣ ደንበኛ ፊት ትን ይላቸዋል» አለ። ጥሩወርቅም ሳቀች። ቂም የያዘች አትመስልም ነበር። ወፍጮዋን የት ጥላ እንደምታቆም፣ ሴቶቹን በምን ተራ እንደምታስገባ ትነግረን ጀመር።

«የመጀመሪያዋን ሴት በነፃ ነው የምፈጭላት» አለች።

«ለምን?»

«ከሩቅ የመጣችውን መርጬ። እህሏን ስታወርድ ጀርባዋን አይቼ።»

መንገዱ ወደ ታች መታጠፍ ሲጀምር እሷ ይህን እያወራች ነበር።

የመጀመሪያውን ጥምዝ አለፍን። ሁለተኛው ላይ ከኋላችን ቋ የሚል ድምፅ መጣ። መኪናዋ በጀርባዋ በኩል የተመታች ያህል ዘለል አለች። ደግሞ ቋ።

«ምንድን ነው?» አልኩ።

«እየገፋችን ነው።»

«ማን?»

«ወፍጮዋ፣ አጎቴ። ቀላል ሆንንባት።»

ፀጋ ማርሽ ቀነሰ። ሞተሩ ጮኸ። ፍሬን ያዝ ለቀቅ፣ ያዝ ለቀቅ ያደርጋል። በግራ በኩል ገደል ነው፣ በቀኝ ተራራው። ትንሽ ቆይቶ የተቃጠለ ቀንድ የሚመስል ሽታ ጋቢናውን ሞላው። ፊቱን አየሁት። ላቡ በአገጩ ይወርዳል። የመኪናዋ ኋላ በኮረኮንቹ ላይ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ መወዛወዝ ጀመረ።

«ፍሬኑ እየለሰለሰብኝ ነው» አለ በመጨረሻ።

«አቁማ!»

«እሱን እኮ ነው የማደርገው!»

ጥሩወርቅ አልጮኸችም። እጇን ጭኔ ላይ ጣል አደረገች። እስካሁን ያ ቦታ ይታወቀኛል።

ፀጋ ጎበዝ ልጅ ነው፤ ሌላ ሾፌር ቢሆን ሦስታችንም የለንም። መንገዱ ትንሽ ሰፋ ያለበት ቦታ ሲደርስ የመኪናዋን አፍንጫ ወደ ተራራው አዞረና የፊት መከላከያዋን በድንጋዩ እያሻሸ አቆማት። እጅ ፍሬኑን እስከ ጥጉ ሳበው። ቆምን። አቧራው ሲያልፈን «ተመስገን» አልኩ። ቃሉ ከአፌ ሳይወጣ መኪናዋ በጠጠሩ ላይ ቀስ እያለች እንደገና መንሸራተት ጀመረች።

«ድንጋይ!» አለ ፀጋ። «ከጎማው ስር ድንጋይ!»

እኔ መሃል ነበርኩ። በሩ ጋ ያለችው እሷ ናት። በሩን ከፍታ ዘለለች። በዚያች አጭር መኪና ውስጥ ጉልበቴ ከማርሹ ጋር ተጠላልፎ ስታገል በመስተዋቱ አየኋት። አንድ ድንጋይ አነሳች፣ ከተጎታቹ ጎማ ፊት አስቀመጠች። ጎማው ወጥቶበት አለፈ። ሌላ ትልቅ ድንጋይ አቅፋ መጣች።

«ተይው! ጥሩ፣ ተይው! ትሂድ!» አልኩ። ሰምታኝ እንደሆነ እንጃ። ብትሰማም አትተውም ነበር። ወፍጮዋ ናት።

ድንጋዩን አስገባች። እጇን ግን አላወጣችም፤ እንዲይዝ እየገፋችው ነበር። መጎተቻው ብረት ተጣመመና ጯ ብሎ ተሰበረ። ተጎታቹ ብቻውን ሆነ። ጎማው በድንጋዩና በእጇ ላይ ወጣ፣ ወደ ግራ ዞረ፣ ሄደ።

ወፍጮዋ ስትወርድ ረጅም ጊዜ ነው የጮኸችው። ብረት ከድንጋይ ጋር ሲላተም፣ ደግሞ ዝም ሲል፣ ደግሞ ከታች ሲላተም ይሰማል። ከጋቢናው ወጥቼ ስደርስ ጥሩወርቅ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ቀኝ እጇን በነጠላዋ ጠቅልላ ደረቷ ላይ ይዛዋለች፤ ነጠላው ቀልቷል። እኔን አላየችኝም። ገደሉን ነው የምታየው።

«ሄደች?» አለች።

«ሄደች።»

ራሷን ነቀነቀች።

ጎማዎቹን በድንጋይ አስደግፈን ፍሬኑ እስኪበርድ ጠበቅን፤ ሌላ መኪና አልነበረም። ከዚያ አዙረን ወደ ሰቆጣ፣ ሽቅብ። ያቺ አጭር መኪና ያለ ሸክም ያንን ዳገት እንዴት እንደወጣችው ብነግራችሁ አታምኑኝም። ወፍ ሆነች። በፈተናው ቀን ያስጨበጨበኝን ጉልበቷን ያኔ ጠላሁት። ፀጋ እያለቀሰ ይነዳል። ጥሩወርቅ መሃል ሆና፣ «ልጄ፣ ቀስ በል። ከእንግዲህ የሚያስቸኩለን ነገር የለም» አለችው።

ሆስፒታል እጇን አተረፉላት። ሦስቱ ጣቶቿ ግን አይታጠፉም። ማጭድ አትይዝም፣ ጆንያ አትቋጥርም።

በማግስቱ ሐጂ ሰይድ ብርቱካን ይዘው መጡ። ጠይቀዋት ሲወጡ ደጅ ላይ ያዝኳቸው። ሰው ጥፋቱን የሚጥልበት ሲያጣ ሽማግሌ ላይም ይጥላል።

«ሐጂ፣ ለምን አጥብቀው አልነገሩኝም?» አልኳቸው።

ቆመው አዩኝ። «ነገርኩህ፣ አባተ። አጥብቄ ብነግርህ ኖሮ አጭሯን በሩጫ ነበር የምትገዛት።»

«ረጅሟ አሁንም ደጄ ቆማለች» አሉኝ ቀጥለው። «ስትረጋጋ ና፣ እንለዋወጣለን።» በኋላ ለወጡኝ። የጨመርኩላቸው ነገር የለም፤ ምርቃት ብቻ ነው። ዛሬ በረጅሟ ጨውና እህል እናመላልሳለን፤ ፀጋ ነው የሚነዳት። አዝጋሚ ናት። ቁልቁል ላይ ግን እግሯን ተክላ ነው የምትወርደው።

እንግዲህ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ መልሴ ይኸው። ተጎታች ልታስጎትቱ ከሆነ የምትጎትተዋ መኪና ከሚጎተተው ትክበድ። ሞተሯን ሳይሆን ፍሬኗን ጠይቁ። ሸክሙን አስራችሁ ቁልቁል አስወርዷት፤ ዳገቱን ተዉት፣ ዳገት ያቃታት መኪና ብትቆም ነው፣ ሰው አትገድልም። ሻጩ ቢመክራችሁ ደግሞ ነጋዴ ነው ብላችሁ ብቻ አትጣሉት። ስለ መኪና ያለኝ እውቀት በዚህ አለቀ።

የቀረው ስለ መኪና አይደለም።

ጥሩወርቅ በሁሉም ነገር የምትከራከረኝ ሴት ነበረች። ማሽላ ይዘራ ካልኩ ጤፍ ትላለች። አስቴርን ለእገሌ እንስጥ ካልኩ «ገና ናት» ትላለች። ያኔ ያታክተኝ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን አንድም ነገር ተከራክራኝ አታውቅም። «ነግሬህ ነበር» እንኳ አላለችም፤ ብትለኝ እኮ እገላገል ነበር። ምን እንዝራ? «አንተ ታውቃለህ።» ጣራው ይቀየር? «አንተ ታውቃለህ።» ባለትዳር ጎረቤት ቢያያት «ምን ያለች ጨዋ ሴት» ይላል። እኔ ግን ቤቴ ውስጥ ሰው አጥቻለሁ። በሬ ዳገት ላይ ሲተኛ ያስነሱታል፤ ይህን እንዴት እንደሚያስነሱት አላውቅም።

በቅርቡ ባለብየዳው ሌላ ወፍጮ አገኘሁ አለኝ፣ ትንሽ፣ ለረጅሟ የሚመጥን። እየሮጥኩ ቤት ሄድኩ። ፍየሎቿ ደጅ ላይ ናቸው፤ እሷ በግራ እጇ ውኃ ታቀርብላቸዋለች።

«ወፍጮ ተገኝቷል» አልኳት። «ነይና እይው። ከወደድሽው እንገዛለን፣ ካልወደድሽው ይቀራል። አንቺ ነሽ የምትመርጪው።»

ቀና ብላ አየችኝ። ቀኝ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች።

«አንተ ታውቃለህ፣ የአስቴር አባት።»

«አላውቅም» አልኳት። «ጥሩ፣ እኔ አላውቅም።»

ይህን ቃል ለማንም ብዬው አላውቅም ነበር፤ ለእሷም፣ ለአስተማሪዬም። ጣሳውን እንደያዘች ቆመች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ልትናገር ነው ብዬ ጠበቅኩ።

አንዷ ፍየል ጣሳውን ገፋችው። ጥሩወርቅ ጎንበስ አለችና ውኃውን መቅዳት ቀጠለች።